ባለቤት የሌለው ጫካ

ሰሞኑን ማለዳ ከቤቴ ስወጣ የእንጅባራ አየር የዲከረንስ ጭስ ይሸታል። ዲከረንስ ቅጠሉ እንደ ላባ የሳሳ፣ ሲያብብ ኮረብታውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስ፣ ተቆርጦ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነው። ጭሱ እንደ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይን አይቆጠቁጥም፤ የእርጥብ ልጥ ሽታ አለው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚገርመኝ ግን የሚሸሽበት ዘመን ዛፉ በአገሩ ገና ያልታወቀበት መሆኑ ነው። ያኔ የነበረው ቀርከሃ ነው። ሽታው ሌላ፣ ትዝታው ሌላ፤ እንዴት እንደተያያዙብኝ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ገባኝ።

ነገሩ የተጀመረው ታደለ የሚባል ወጣት ባለሙያ አንድ ረቂቅ ይዞ ቤቴ ሲመጣ ነው። ከከተማችን ጫፍ፣ ወደ ጥርባ በሚያወጣው መንገድ በኩል ያለችው መንደር በቅርቡ ወደ ከተማው ልትጠቃለል ነው ይባላል። ለዚህም ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ገጽታዋ እንዲጻፍ ታዘዘ፤ ጻፊው ታደለ ሆነ። ሰው ስንት ነው፣ በምን ይተዳደራል፣ ምን ቋንቋ ይናገራል፣ መሬቱ ምን ላይ ውሏል የሚል ዓይነት ጽሑፍ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በጋዜጠኝነት ነው የጨረሱት፤ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። አማርኛውን ብቻ እዩልኝ ሲሉኝ ሌላውን አጥብቄ የማይ ሰው ነኝ። የሥራ ልማድ ነው፤ ጡረታ አላስጣለኝም።

አማርኛው ደህና ነበር። ነዋሪው በቤቱ አዊኛ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛ እንደሚናገር ጽፏል፤ እውነት ነው። ወጣቱ ከግብርና ወደ ባጃጅና ወደ ቀን ሥራ እየሄደ መሆኑን፣ ሰዉ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል እየሠራ ማከራየት መጀመሩን ጽፏል፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። «ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት በደን የተሸፈነና ባለይዞታ የሌለው በመሆኑ ለከተማው ማስፋፊያ ምቹ ነው» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከመጠን በላይ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ሳይ ማን ይጠቀምበታል ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ተዳፋት ደግሞ አውቀዋለሁ። ባለቤት የለውም የተባለው መሬት ግማሹ የእትዬ አንጓች ነው። እትዬ አንጓች ማለት በወጣትነቴ ቤት ያከራዩኝ ሴት ናቸው።

ያኔ ከተማውን እንጅባራ የሚለው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሰዉ ቆሰበር ነው የሚለው። አሁንም ሽማግሌው ሁሉ ቆሰበር ነው የሚል። አዲስ ጋዜጠኛ ሆኜ ስመደብ የለበስኩት እግሩ ሰፊ የቴትሮን ሱሪ ነበር፤ ከአውቶቡስ ስወርድ ጭቃው እስከ ጉልበቴ አለበሰኝና ለዚያ ሱሪ ያለኝ ፍቅር በዚያው አለቀ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንዶቹ በርኖስ ደርበው፣ ዝናብ ሲሆን ከሣር የተሠራ ገሳ ከራሳቸው ላይ ጥለው በፈረስ ይመጣሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ የሣር ክምር ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ይመስላል። መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንዲት ሱቅ ነበረች። ባለሱቁ ራዲዮ ነበረው፤ የባትሪ ድንጋዩ ኃይል ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ ከሌለች ደግሞ ዘፈን የለም ማለት ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ፀሐይ የምትወጣበትን ቀን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። በዚያች ጥግ ሻዬን እየጠጣሁ፣ ከዘፈኑ መሃል በድካም የሚረዝመውን ድምፅ እየሰማሁ ነው ለዋናው ቢሮ የምልከውን ዜና የምጽፈው። ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር ዘፈኑ ያደነቁራል፤ ሳይኖር ደግሞ ልጁ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በሩ ላይ ይቆማል። ባለ ራዲዮውም ድንጋዩን ይዞ የሚቆመው እንደዚሁ ነበር።

ክፍሌ ከከተማው ወጣ ብሎ በዚያች መንደር፣ በእትዬ አንጓችና በባላቸው በአቶ ፈንቴ ግቢ ነበር። ግቢው በቀርከሃ የታጠረ፣ ጓሮው በቀርከሃ የተሞላ ነው። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ቀርከሃው እርስ በርሱ ሲፋጭ እንደ ሰው ያቃስታል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ከግቢው በላይ ያለው ተዳፋት ጤፍና ገብስ የሚዘራበት እርሻ ነበር። በአቶ ፈንቴ ወይፈኖች ሲታረስ ከመስኮቴ እያየሁ ቁርሴን እበላ ነበር። ስለዚህ ስለዚያ መሬት በሰው ወሬ አይደለም የምናገረው።

በዚያ ዘመን ዛፍ የመንግሥት ነው ተባለ። እንዴት ተባለ፣ ማን አለ የሚለውን ለታሪክ ጻፊዎች ልተወው። እኛ መንደር የደረሰው ደን ጠባቂ የሚባል ካኪ የለበሰ ሰው ሆኖ ነው። አንድ ጠዋት ከግቢያችን በር ቆመ። አቶ ፈንቴ አጥር ለመጠገን ቀርከሃ ቆርጦ ከፊቱ ጋድሞታል።

«ይህ ቀርከሃ የማን ነው?» አለ ጠባቂው።

«የኔ ነዋ። በእጄ የተከልኩት ነው» አለ አቶ ፈንቴ። የተናገረው ሳይቆጣ ነው፤ የልጁን ስም የተጠየቀ ያህል።

ያንኑ ዕለት ወሰዱት። ክረምቱ አልፎ ነው የተመለሰው፤ ሲመለስ ሳል ይዞ ነበር፤ ሳሉ ብዙም አላቆየው። ከዚያ በኋላ ጠባቂው ሲመጣ በር ላይ የሚጠብቁት እትዬ አንጓች ናቸው። «ይህ ቀርከሃ የማን ነው?» «የመንግሥት ነው ጌታዬ።» «ይህስ ባሕር ዛፍ?» «የመንግሥት።» ጠባቂው ደስ ብሎት ይሄዳል። በነጋታው ስነሳ አጥሩ በአዲስ ቀርከሃ ታጥሮ አገኘዋለሁ። «እትዬ፣ አጥሩን ማን ሠራው?» ስላቸው «መንግሥት መጥቶ አጥሮልኝ ሄደ» ይሉኛል፣ ፊታቸው ሳይፈታ። መንደሩ በሙሉ ይህን መልስ ለመደው። ልጆች ሳይቀሩ ለመዱት። ዛፍ የማን ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ እንደ ሰላምታ።

ይህን ሁሉ እያስታወስኩ ረቂቁን ይዤ ታደለን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አገኘሁት። ከጎኑ ጫማው ጭቃ ያልነካው ሰው ተቀምጧል፤ የታደለን ሻይ ከፈለና ተነስቶ ሄደ። ማን ነው ስለው «የመሬት ጉዳይ የሚጠይቅ ሰው ነው፣ ስሙንም አላውቀው» አለኝ። በእንጅባራ ክረምት ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ወይ ከመኪና አይወርድም ወይ ከቢሮ አይወጣም። በልቤ ያዝኩት።

«ታደለ፣ ባለይዞታ የሌለው ያልከውን ማን ነገረህ?»

«ነዋሪዎቹ ናቸው ጋሼ።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም። ቤት ለቤት ነው የሄድኩት። ዛፉ የማን ነው ስላቸው የመንግሥት ነው አሉኝ። የመንግሥት ዛፍ ያለበት መሬት ደግሞ ባለይዞታ ሊኖረው አይችልም። ካላመኑኝ ሄደው ይጠይቁ።»

አላመንኩትም። ልጁን የጠላሁት እንዳይመስለው ሻዩን እኔም ደገምኩለት፤ ግን አላመንኩትም። ባጃጅ ይዤ ወደ መንደሯ ወጣሁ። ድሮ ገብስ የነበረበት ሜዳ ብሎኬት ቤት ሆኗል፤ በየበሩ የተማሪ ካልሲ ተሰጥቷል። ከቤቶቹ በላይ ግን ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች ዲከረንስ ነው። ከመንገድ ዳር ላየው ሰው ደን ነው፤ እውነት ለመናገር እኔም ከመንገድ ዳር ብቻ ባየው ደን ነው ብዬ እጽፍ ነበር። ወደ ውስጥ ስገባ አንድ ሰው አፈር የተመረገበት የከሰል ክምር እየዞረ ጭሱን ይጠብቃል። ምናለ ይባላል፤ የእትዬ አንጓች ጎረቤት ነው፤ በልጅነቱ አውቀዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም አልጠፋብኝ። ይህ ዛፍ የማን ነው ብዬ ነው።»

ዞር ብሎ ዛፉን አዲስ ነገር እንዳየ ሰው አየው። «ይህ? የመንግሥት ነው።»

«ከሰሉንስ የሚያከስለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«በመንግሥት ዛፍ?»

«መንግሥት ዝም አለኝ። ከተናገረኝ እተዋለሁ።» ከዚያ አካፋውን ተደግፎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ለማን ብለው ነው የሚጠይቁት ጋሼ?»

«ለራሴ።»

«ለራሱ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አላየሁም» አለና ወደ ክምሩ ተመለሰ።

ታደለ አልዋሸም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ታደለን ስጠረጥር ውዬ፣ የተማመንኩባቸው ሰዎች ራሳቸው ዓረፍተ ነገሩን አቀብለውት ኖሯል። ጠባቂው ከሞተ፣ ካኪውም ከጠፋ ስንት ዘመን ሆነው፤ መልሱ ግን እዚያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የዲከረንሱ ጭስ ወደ ቀርከሃው ዘመን የሚመልሰኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። የመሬት ልኬታ ሲመጣም ይህንኑ ብለው ነበር አሉ። የቤቱና የጓሮው መሬት ደብተር ወጥቶለታል፤ የዲከረንሱ ተዳፋት ግን የወል ደን ተብሎ ቀረ፤ ማንም ምንም አላለ፤ ከሰሉም በሰላም ይከሰላልና።

ይህ ዛፍ እዚህ አገር እንዴት እንደሚበቅል ለማያውቅ ልናገር። ደን አይደለም። ገበሬው ጤፍ ሲዘራ ችግኙን በጤፉ መሃል ይተክላል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ከሰል ይሆናል፤ አይሱዙ መጥቶ ይጭነዋል። ከዚያ መሬቱ ይታረስና እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። የእትዬ አንጓች ኑሮ ይኸው ነው። ጓሯቸው ለድንች ብቻ የሚበቃ ነው፤ የቀረው ሁሉ፣ ጤፉም፣ ጨውና ዘይቱም፣ የቤታቸው ቆርቆሮም ከዚያ ተዳፋት የወጣ ነው። ረቂቁ በነዋሪው ፊት ተነቦ ከጸደቀ ግን በማግሥቱ ባዶ መሬት ነው። የሚነበብበት ስብሰባ ደግሞ ቀኑ ተቆርጧል።

እትዬ አንጓችን ከአጥራቸው ሥር ተቀምጠው ድንች ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ዛሬም የሚጠሩኝ በዚያ ዘመን ባወጡልኝ ስም ነው።

«ጋዜጣው። እግርህ ረጥቧል፤ ግባ።»

«እትዬ፣ ያ ከላይ ያለው ዛፍ የማን ነው?»

ድንቹን አስቀመጡ። ያንን ፊታቸውን አወቅሁት፤ በር ላይ የማውቀው ፊት ነው። «የመንግሥት ነው» አሉኝ። ለእኔ። ከሥራ ሲገቡ በመስኮቴ በኩል ሙቅ ድንች ያቀብሉኝ የነበሩ ሴትዮ ለእኔ።

ረቂቁን አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ ምን እንደሚያስከትልም ነገርኳቸው።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። «እኔ ያልኩትን ነው የጻፈ።»

«እንግዲያው ቃሉን ይለውጡታ። በስብሰባው የኔ ነው ይበሉ።»

«ፈንቴ የኔ ነው ብሎ ነው የተወሰደ። አንተ ነበርክ፤ በዓይንህ አይተሃል።»

«እትዬ፣ አሁን ዘመኑ ሌላ ነው።»

«ያኔም ዘመኑ ሌላ ነው ብለውን ነበር።» ድንቹን መልቀም ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አንተስ ማን ላከህ?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን ራሴ በእሳቸው ቦታ ብሆን የማላምነው መልስ ነው። ረቂቁን አጥፌ ወጣሁ።

ስብሰባው የተደረገው በገበሬዎች አዳራሽ ነው፤ ከቆርቆሮ ግድግዳው ቀዳዳ ብርሃን እየገባ በሰዉ ጋቢ ላይ ይቀመጣል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ናቸው። ከኋላ በር አጠገብ ጫማው ንጹሕ የሆነው ሰው ቆሟል። ታደለ አነበበ። ሰው የሚወለደውንና የሚሰደደውን፣ ስንዴና ድንቹን፣ ባጃጁን ሁሉ አነበበ፤ ሰዉ ስለ ሌላ አገር የሚወራ ይመስል በጨዋነት አዳመጠው። ተዳፋቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ አልተለወጠም። «...ባለይዞታ የሌለው በመሆኑ ለከተማው ማስፋፊያ ምቹ ነው።» ሊቀ መንበሩ አስተያየት ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። ምናለ መሬት መሬቱን ያያል። ከውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ። ሊቀ መንበሩ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል እትዬ አንጓች ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሱ።

«ልጄ፣» አሉት ታደለን፣ «ያ ዛፍ ሳይኖር እዚያ ምን ነበር?»

«እኔ አላውቅም እማማ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ጤፍ ነበር።»

«የዘራው ማን ነው?»

«ባሌ በነበረ ጊዜ ባሌ። ከዚያ ወዲህ እኔ።»

«ዛፉንስ ማን ተከለው?»

«ዛፉ ከጤፉ ጋር ነው የሚተከል። ጤፉን የዘራ ሰው ነው የሚተክለው።»

«ተቆርጦ ካለቀ በኋላስ?»

«ጤፍ ይዘራል።»

«ማን ይዘራዋል?»

«ካልሞትኩ እኔ።»

ታደለ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። እትዬ አንጓችን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ የሚፈለግበት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «እንግዲያው ይህ ደን አይደለም እማማ። የእርስዎ እርሻ ነው» አለ።

እትዬ አንጓች ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሰማችሁ? እሱ ነው ያለው። እኔ የኔ ነው አላልኩም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሳይቆም ምናለ ብድግ አለ። «እኔንም ጠይቀኝ» አለው ታደለን። ታደለ ጠየቀው፤ መጨረሻ ላይ «የአንተ እርሻ ነው» አለው፤ ምናለም «እሱ ነው ያለው» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፤ ከዚያ ሌላው። አንዳንዱ አማርኛው ሲያስቸግረው በአዊኛ ይመልሳል፣ ጎረቤቱ ይተረጉማል። ማንም ሰው የኔ ነው ሳይል የመንደሩ ተዳፋት በሙሉ ባለቤት አገኘ። ወደ በሩ ስመለከት ባለ ንጹሕ ጫማው ሰው የለም። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ መጠየቄን ግን አልተውኩም።

ዓረፍተ ነገሩን ያስተካከልነው ያንኑ ማታ ነው፤ «ተዳፋቱ ነዋሪዎቹ ጤፍና የከሰል ዛፍ እያፈራረቁ የሚያለሙት የእርሻ ይዞታ ነው» ይላል አሁን። ታደለ ንጹሕ ቅጂውን ሲያስገባ አብሬው ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ሰነዱ ከመሳቢያ መሳቢያ ሲዞር ዓረፍተ ነገር እንደሚቀየር ስለማውቅ አንዱን ቅጂ እኔ ጋ አስቀርቻለሁ፤ አልፎ አልፎም ቢሮው ጎራ እያልኩ ያኛው እንዳለ መሆኑን አያለሁ። እስካሁን እንዳለ ነው። እስካሁን።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ጭሱ ሸተተኝና ወደ እትዬ አንጓች ግቢ ወጣሁ። ከበሩ አጠገብ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉ በቅጠል ተደፍኖ ተደርድሯል። እሳቸው አጠገቡ ቆመው አይሱዙውን ይጠብቃሉ። ልቀልድባቸው ፈለግሁ።

«እትዬ፣ ይህ ከሰል የማን ነው?»

ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ኪሴን አዩ።

«ልትጽፍ ነው ልትገዛ?»

«ልገዛ።»

«እንግዲያውስ የኔ ነው» አሉኝ።